ጉልበት፦ ከግላዲያተር እስከ ስኖውቦርድ

 

ዛሬ ስለ ጉልበት ልጽፍላችሁ ነው። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

በቋንቋችን "ጉልበት" የሚለው ቃል ሁለት ሥራ አለው። አንዱ እግራችን የሚታጠፍበት መገጣጠሚያ ነው፤ ሌላው አቅም፣ ኃይል ማለት ነው። ጉልበተኛ እንላለን፣ የጉልበት ሥራ እንላለን፣ "ጉልበት ከዳኝ" እንላለን። አያቶቻችን የሰው አቅም የሚፈተንበትን ቦታ በደንብ አውቀውታል ማለት ነው።

ነገሩን ያስነሳው አንድ መልእክት ነው። ኮሎራዶ የሚኖር የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ተራራ ወጥቶ ስኖውቦርድ ሲለማመድ ወደቀ፤ ጉልበቱ ውስጥ "ጧ" የሚል ድምፅ ሰማ፤ በዚያው ማታ አበጠ። "ቲቸር፣ ጅማትህ ተበጥሷል ብለውኛል። ግማሹ ሰው ኦፕራሲዮን ተደረግ ይለኛል፣ ግማሹ ተወው ይለኛል። እርስዎ ምን ይላሉ?"

እኔ ታሪክ ያስተማርኩ ሰው ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ውሳኔው የእሱና ጉልበቱን በእጁ የያዘው ሐኪም ነው። ታሪኩን ግን ልነግረው እችላለሁ ብዬ መጻፍ ጀመርኩ። ስጨርስ ለአንድ ሰው ብቻ የሚበዛ ሆኖ አገኘሁት። በረዶ ረግጣችሁ የማታውቁ ብትሆኑም፣ ኳስ ሜዳ ላይ ጉልበቱን ይዞ የወደቀ ጓደኛ የሌለው ከመካከላችሁ ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ ለሁላችሁም ይሁን።

ከዚህ ታሪክ ያገኘሁትን አስቀድሜ ልናገር፦ ሸክም አይጠፋም፤ ቦታ ይቀይራል። ሰው አንዱን የአካል ክፍል በመሣሪያ ሲጠብቅ ሸክሙ ወደሚቀጥለው ይዞራል። ሐኪም አንዱን ሲጠግን ሌላው ይከፍላል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ "ሸክሙን ማን ይቀበለው?" የሚለው ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለት ኩንታል በአንድ ገመድ

መጀመሪያ ጉልበትን ራሱን እንየው። ከላይ የጭን አጥንት፣ ከታች የቅልጥም አጥንት፣ ከፊት ሎሚው። የጭን አጥንት ጫፍ ክብ ነው፤ የቅልጥም አጥንት አናት ደግሞ ጠፍጣፋ ነው ማለት ይቻላል። ዳሌን ብታዩት እንደ ሙቀጫና ዘነዘና አንዱ በአንዱ ውስጥ ገብቷል። ጉልበት እንዲህ ያለ ዋስትና የለውም። ክብ ነገር ጠፍጣፋ ላይ ተቀምጦ "በል ሩጥ፣ ዝለል፣ ተጠምዘዝ" ይባላል። ታዲያ ምን ያዘው? ጡንቻና ጅማት።

ዋናዎቹ ጅማቶች አራት ናቸው። ሁለቱ በውስጥና በውጭ ጎን፣ ሁለቱ ደግሞ መሃል ላይ እንደ መስቀል ተጣምረው። በእግር ኳስ ዜና "ኤሲኤል" እየተባለ የምትሰሙት ከመሃለኞቹ የፊተኛው ነው፤ እኔ የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት እለዋለሁ። ሥራው የቅልጥም አጥንት ወደ ፊት እንዳይንሸራተት፣ ስንጠማዘዝም ከቦታው እንዳይፈነገጥ መያዝ ነው። ርዝመቱ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ውፍረቱም ከትንሽ ጣት ብዙ አይበልጥም። ግን አትናቁት። በ1991 የወጣ የላቦራቶሪ ጥናት የወጣት ሰው ጅማት እስኪበጠስ ድረስ 2,160 ኒውተን ያህል ጉተታ እንደሚችል ለክቷል። በእኛ አነጋገር ሁለት ኩንታል ጤፍ በአንዲት ቀጭን ገመድ ሲንጠለጠል ማለት ነው።

ሐኪሞች የጅማትን ጉዳት በሦስት ደረጃ ይከፍሉታል፦ የተለጠጠ፣ በከፊል የተበጠሰ፣ ሙሉ በሙሉ የተበጠሰ። የጎን ጅማቶች፣ በተለይ የውስጠኛው፣ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቢላ ይድናሉ። የመሃለኛው የፊተኛ ጅማት ግን ችግር አለበት። የተቀመጠው በመገጣጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ ነው። ሌላ ቦታ ቁስል ሲኖር ደም ይረጋና በሁለቱ ጫፎች መካከል ድልድይ ይሆናል፤ እዚህ ግን ፈሳሹ የረጋውን ደም ያጥበዋል። ስለዚህ ጫፍና ጫፉ ብዙውን ጊዜ ሳይገናኝ ይቀራል።

እጅ ያወቀው፣ መሣሪያ ያልነበረው

በራእይ ዮሐንስ ላይ ስሟን የምናውቃት ጴርጋሞን በ129 ገደማ ጋሌን የሚባል ሰው ወለደች። ይህ ሰው የሮም ንጉሠ ነገሥታት ሐኪም ከመሆኑ በፊት በዚያችው ከተማ የግላዲያተሮች ሐኪም ነበር። የሰው ገላ ተከፍቶ የሚታየው በጦር ሜዳና በግላዲያተሮች ሜዳ በነበረበት ዘመን፣ ለመሃለኞቹ ጅማቶች "መስቀለኛ" የሚለው ስያሜ ከእሱ ጋር ተያይዞ ደረሰን።

ከዚያ በኋላ ታሪኩ ለረጅም ዘመን ዝም ይላል። በ1836 ጀርመን ውስጥ ቬበር የሚባሉ ሁለት ወንድማማቾች ስለ ሰው አካሄድ ባሳተሙት መጽሐፍ ጅማቱ ሲቆረጥ የቅልጥም አጥንት ያለ ልክ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንደሚንቀሳቀስ አሳዩ። በቀጣዩ ዓመት በደብሊን ሮበርት አዳምስ በሕይወት ባለ ሰው ላይ የደረሰ የዚህ ጅማት ጉዳትን መዝግቦ አወጣ። በ1850 በኤድንብራ ጄምስ ስታርክ ሁለት ታማሚዎችን ጉልበታቸው እንዳይንቀሳቀስ አስሮ አከመ።

እዚህ ላይ የምወደው ታሪክ አለ። በ1875 ጆርጅ ኑሊስ የሚባል ግሪካዊ ፓሪስ ውስጥ በጻፈው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ጉልበቱን ትንሽ አጥፎ፣ ጭኑን በአንድ እጅ ይዞ፣ ቅልጥሙን በሌላው እጅ ወደ ፊት በመሳብ ጅማቱ መኖር አለመኖሩን ማወቅ እንደሚቻል ገለጸ። ይህ ዘዴ ተረሳ ማለት ይቻላል። ከ101 ዓመት በኋላ፣ በ1976፣ ጆሴፍ ቶርግ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ያንኑ ምርመራ በፊላደልፊያ በአስተማሪው በጆን ላክማን ስም ጠርቶ አሳተመው። ዛሬ የዓለም የአጥንት ሐኪም ሁሉ "የላክማን ምርመራ" ይለዋል፤ ኑሊስን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። ታሪክ እንዲህ ነው፣ ልጆች፤ ቀድሞ ያየ ሁሉ ስሙ አይጠራም።

ይህን የምነግራችሁ ለስም ጨዋታ አይደለም። ኤምአርአይ የሌለበት ከተማ የምትኖሩ ብዙ ናችሁ። የሠለጠነ ሰው ሁለት እጅ ብቻ ይዞ የዚህን ጅማት መበጠስ በአብዛኛው ማወቅ ይችላል። ይህ ከተጻፈ 150 ዓመት ገደማ ሆኖታል።

ፖል ሰጎንም አለ። በ1879 ፓሪስ ውስጥ በሬሳ ላይ ጉልበት እየጠመዘዘ ሞከረና የጉዳቱን ምልክቶች ዘረዘረ፦ ኃይለኛ ሕመም፣ "ጧ" የሚል ድምፅ፣ ፈጥኖ የሚመጣ እብጠት። በተጨማሪም ከቅልጥም አጥንት ጎን ተፈንቅላ የምትወጣ ትንሽ የአጥንት ቁራጭ አገኘ። ኤክስሬይ ራሱ የተገኘው በ1895 ነው። ሰጎን ያያት ቁራጭ ግን ዛሬ በኤክስሬይ ላይ ስትታይ ሐኪሙ ወዲያው "የፊተኛው ጅማት ሄዷል" ብሎ ይጠረጥራል፤ ስሟም እስካሁን በሰጎን ይጠራል። ተማሪዬ ተራራው ላይ የሰማው ድምፅ ከመቶ ዓመት በፊት ተጽፎ ነበር ማለት ነው።

ጀሶና መርፌ

በዚያው በ1895፣ እንግሊዝ አገር ሊድስ ከተማ፣ ሜዮ ሮብሰን የሚባል ቀዶ ሐኪም የአንድ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሠራተኛን ጉልበት ከፍቶ የተበጠሱትን ሁለት መስቀለኛ ጅማቶች በክር ሰፋ። ውጤቱን ያሳተመው ከስምንት ዓመት በኋላ በ1903 ነው። ሰውዬው ወደ ሥራው ተመልሷል፤ እግሩም ጠንካራ ነው ብሏል። ልብ በሉ፣ የመጀመሪያው የተመዘገበ የመስቀለኛ ጅማት ስፌት ታማሚ ስፖርተኛ አልነበረም፤ በጉልበቱ እንጀራ የሚበላ ሰው ነበር።

በ1917፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ የብሪስቶሉ ኧርነስት ሄይ ግሮቭስ ሌላ መንገድ ሞከረ። የተበጠሰውን ከመስፋት ይልቅ ከጭን ጎን ጠንካራ ሽፋን ቀዶ፣ በጭንና በቅልጥም አጥንት ውስጥ በተቦረቦረ ቀዳዳ አሳልፎ አዲስ ጅማት ተከለ። ዛሬ ጉልበታቸው የሚሠራላቸው ኳስ ተጫዋቾች ሁሉ በመሠረቱ በዚህ ሐሳብ ነው የሚታከሙት።

ግን ለብዙ አሥርት ዓመታት ዋናው ሕክምና ጀሶ ነበር። ስፌትም ይሁን ያለ ስፌት፣ እግር ለሳምንታት በጀሶ ይታሰራል። ጀሶው ጅማቱን ይጠብቃል፤ እውነት ነው። ሲፈታ ግን ጭኑ ከስቶ፣ ጉልበቱ ደርቆ፣ መዘርጋትም መታጠፍም እምቢ ብሎ ይገኛል። አያችሁ? ሸክሙ አልጠፋም። ከጅማቱ ላይ ተነስቶ ጡንቻውና መገጣጠሚያው ላይ አረፈ።

የበረዶ ጫማ ታሪክ

አሁን ወደ በረዶው እንውጣ። የጥንቱ የበረዶ ሸርተቴ ተንሸራታች ጫማው አጭርና ለስላሳ ቆዳ ነበር፤ ማሰሪያው ግን አይላቀቅም። ሰው ሲወድቅ ረጅሙ እንጨት እግሩን ይዞ ይዞር ነበር። የሚሰበረው ቁርጭምጭሚትና ቅልጥም ነው። ያልመር ቫም የሚባል ኖርዌይ የተወለደ የኦሪገን ተወዳዳሪ በ1937 ማውንት ሁድ ላይ እግሩን ሰበረ፤ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለም ሲወድቁ በራሱ የሚላቀቅ ማሰሪያ አሰበ ይባላል። በ1939 መሣሪያውን በስሙ አስመዘገበ። ከጦርነቱ በኋላ ሐሳቡ በአውሮፓም በአሜሪካም ተስፋፋ።

በ1960ዎቹ አጋማሽ ደግሞ አሜሪካዊው ቦብ ላንጅ የፕላስቲክ ጫማ ይዞ መጣ። ረጅም፣ ጠጣር፣ ቁርጭምጭሚትን ጥርቅም አድርጎ የሚይዝ። ተወዳዳሪዎቹ ወደዱት፣ ፍጥነት ጨመረ። የቁርጭምጭሚትና የቅልጥም ስብራት በግልጽ ቀነሰ። ሁሉም ደስ አለው።

ከዚያስ? ጉልበት መጣ። ቁርጭምጭሚቱ በፕላስቲክ ተቆልፏል፤ ቅልጥሙ በጫማው ተደግፏል፤ የሚቀጥለው ማጠፊያ ጉልበት ነው። ከ1972 ጀምሮ በቨርሞንት ግዛት የሚገኝ አንድ የበረዶ መንሸራተቻ ላይ የተጎዱ ሰዎችን ለአሥርት ዓመታት የመዘገቡት ሮበርት ጆንሰን፣ ካርል ኤትሊንገርና ጃስፐር ሺሊ ይህን በቁጥር አዩት፦ የቅልጥም ስብራት ሲወርድ ከባዱ የጉልበት ጉዳት ወጣ።

ምክንያቱንም ደረሱበት። ማሰሪያው የተሠራው ቅልጥምን ለማዳን ነው፤ የጉልበትን ጅማት አያውቀውም። ሰውየው ወደ ኋላ ሲወድቅ የሸርተቴው የኋላ ጭራ በረዶ ይይዝና እንደ ተጨማሪ እግር ሆኖ ጉልበቱን ይጠመዝዘዋል። "የመንፈስ እግር" ብለው ሰየሙት፤ የማይታይ ግን የሚረግጥ እግር እንደማለት።

ደስ የሚለው መልሱ ነው። አዲስ ብረት አልሠሩም። በ1993-94 የበረዶ ወቅት የተራራ ጠባቂዎችንና አሠልጣኞችን ሰብስበው የጉዳት ቪዲዮ አሳዩአቸው፤ "ስትወድቁ ለመነሳት አትታገሉ፣ ቆማችሁ እስክትረጋጉ እጃችሁን ወደ ፊት አድርጉ" ዓይነት ትምህርት ሰጡ። ሥልጠናውን በወሰዱት ዘንድ ከባድ የጉልበት ጉዳት በ62 በመቶ ቀነሰ። ባልወሰዱት ዘንድ አልቀነሰም። ትምህርት ምን ያደርጋል ለምትሉኝ ሰዎች ይህን ያዙልኝ!

ሁለት እግር በአንድ ሳንቃ

ስኖውቦርድስ? በ1965 የገና ዕለት፣ ሚሺጋን ግዛት ሙስኪገን ከተማ፣ ሸርማን ፖፐን የሚባል አባት ሁለት ሸርተቴዎችን አጣምሮ ለሴት ልጆቹ መጫወቻ ሠራ። "ስነርፈር" ተባለ። በ1977 ጄክ በርተን ቨርሞንት ውስጥ የራሱን ሳንቃ ማምረት ጀመረ። ትላልቆቹ የበረዶ ሸርተቴ ማዕከላት መጀመሪያ ላይ እነዚህን ልጆች አያስገቡም ነበር፤ በ1983 የቨርሞንቱ ስትራተን ፈቀደ። በ1998 ናጋኖ ላይ ስኖውቦርድ የኦሊምፒክ ስፖርት ሆነ።

በነገራችን ላይ፣ "በረዶ እኛን ምን አገባን?" የምትሉ ካላችሁ፣ ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቶሪኖ፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር ላይ በበረዶ ላይ አገር አቋራጭ ውድድር ሰንደቃችንን ይዞ ተሰልፏል። የክረምት ኦሊምፒክ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እሱ ነው። ዛሬ ደግሞ ከዴንቨር እስከ ኦስሎ ልጆቻችን በትምህርት ቤት ጉዞ ተራራ ይወጣሉ።

አሁን ሸክሙን ተከተሉት። በስኖውቦርድ ሁለቱም እግሮች በአንድ ሳንቃ ላይ ታስረዋል፤ ማሰሪያውም ሲወድቁ አይላቀቅም። ስለዚህ አንዱ እግር ለብቻው ወደ ሌላ አቅጣጫ ተጎትቶ አይጠመዘዝም። ጉልበት እፎይ አለ። ግን እግሩ የታሰረ ሰው ሲወድቅ በምን ይደገፋል? በእጁ! በቨርሞንቱ መዝገብ በ2012 በታተመው ጥናት፣ ከስኖውቦርድ ጉዳቶች ከአራቱ ከአንድ በላይ የሆነው የእጅ አንጓ ጉዳት ነው። በሸርተቴ ተንሸራታቾች ዘንድ ግን ቀዳሚው የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ነው፤ 17 በመቶ ገደማ። ሸክሙ ከጉልበት ወደ አንጓ ተዛወረ።

ጫማውም ለስላሳ ስለሆነ ጥቂቱ ወደ ቁርጭምጭሚት ተመለሰ። "የስኖውቦርደር ቁርጭምጭሚት" የሚባል አንድ ስብራት አለ፤ ከቁርጭምጭሚት በታች ባለች ትንሽ የአጥንት ጠርዝ ላይ የሚደርስ። ተራ ኤክስሬይ ላይ በቀላሉ አይታይም፤ ብዙ ጊዜ "ወለምታ ነው" ተብሎ ሰው ይሸኛል።

ታዲያ የተማሪዬ ጉልበት እንዴት ተጎዳ? ስኖውቦርድ ጉልበትን የሚያገኝባቸው ሁለት የታወቁ በሮች አሉ። አንዱ ወደ ተራራው የሚያወጣው ተንጠልጣይ ወንበር ጋ ነው። እዚያ ሲወጡና ሲወርዱ የኋላው እግር ይፈታል፤ ሳንቃው በአንድ እግር ብቻ ይንጠለጠላል። ሁለት እግር የተካፈለው አሁን አንዱ ጉልበት ላይ ነው። ሳንቃው በረዶ ይዞ ቢዞር ጉልበቱ አብሮ ይዞራል። ጀማሪዎች ጉልበታቸውን ከሚጎዱባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነው። የእኔም ልጅ እዚያው ነው የወደቀው።

ሁለተኛው በር የጎበዞቹ ነው፤ ከፍተኛ ዝላይ። ከአየር ወርዶ ቁልቁለት ላይ ሳይሆን ሜዳ ላይ ሲያርፉ፣ ላለመውደቅ የጭን ፊት ጡንቻ በሙሉ ኃይሉ ይጨመደዳል። ያ ጡንቻ በሎሚው በኩል ቅልጥምን ወደ ፊት ይስባል። ጅማቱ ያለው ይህን ለመከልከል ነበር፤ ግን ከራሱ ባለቤት ጡንቻ ጋር ገመድ ጉተታ ይገጥማል። አንዳንዴ ይሸነፋል።

ሕመም ሲጠፋ

ወደ ሕክምናው ልመለስ። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ከሎሚው በታች ካለው ጅማት መካከለኛውን ሲሶ ወስዶ አዲስ ጅማት መትከል ተለመደ፤ በኋላም ከጭን ጀርባ ጅማት መውሰድ መጣ። "ከራሱ ገላ ለምን እንቀንሳለን?" ያሉ ደግሞ በ1970ዎቹና 80ዎቹ ሰው ሠራሽ ነገር ሞከሩ፦ የካርቦን ክር፣ ጎርቴክስ። ብረት የሚያስንቅ ጥንካሬ አላቸው ተባለ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት አስደሰቱ። ከዚያ ክሩ እየተፋቀ ብናኙ መገጣጠሚያውን አስቆጣ፤ እየላላም እየተበጠሰም መጣ። ሕይወት የሌለው ነገር ራሱን አይጠግንም።

ከራስ ገላ የተወሰደው ጅማት ደግሞ ሌላ ምስጢር አለው፤ ይህን ተማሪዬ ሁለት ጊዜ እንዲያነበው ነግሬዋለሁ። ጅማቱ ከቦታው ሲነሳ ደም ሥሩ ይቋረጣል። አዲሱ ቦታ ላይ ከተተከለ በኋላ የድሮ ሴሎቹ ይሞታሉ፤ አዲስ ደም ሥር ይገባል፤ ከወራት በኋላ ነው ቀስ በቀስ ጅማት የሚሆነው። በዚህ መካከል፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ ከተተከለበት ቀን ይልቅ ይደክማል። እንግዲህ ልብ አድርጉ፦ እብጠቱ የሚወርደውና ሕመሙ የሚጠፋው በዚያው ጊዜ ነው። "ዳንኩ" ብሎ ሰው ሜዳ የሚወጣው ጅማቱ በደከመበት ሰዓት ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ መተኛትም መልስ አይደለም። የኢንዲያናፖሊሱ ዶናልድ ሸልበርን በ1980ዎቹ አንድ ነገር አስተዋለ፦ "አትንቀሳቀስ፣ አትርገጥ" የተባለውን ትእዛዝ ከጠበቁት ይልቅ ያልጠበቁት ታማሚዎቹ ጉልበት የተሻለ ይዘረጋል። በ1990 ከፊዚዮቴራፒስቱ ከፖል ኒትዝ ጋር አዲስ አካሄድ አሳተመ፤ ጉልበቱን ከመጀመሪያው ቀን ሙሉ መዘርጋት፣ ቶሎ መርገጥ፣ ጡንቻን ማሠራት። የጀሶ ዘመን በዚህ አበቃ ማለት ይቻላል።

ኦፕራሲዮን ወይስ ያለ ኦፕራሲዮን? በ2010 ስዊድን ውስጥ የተሠራ ጥናት ታተመ። ንቁ የሆኑ ግን ፕሮፌሽናል ያልሆኑ 121 ወጣቶች በዕጣ ተከፈሉ። 62ቱ ቶሎ ቀዶ ሕክምናና ፊዚዮቴራፒ፤ 59ኙ መጀመሪያ ፊዚዮቴራፒ፣ ካስፈለገ በኋላ ቀዶ ሕክምና። ከሁለት ዓመት በኋላ በሁለቱ ወገኖች መካከል በሕመም፣ በእንቅስቃሴና በኑሮ ጥራት ልዩነት አልተገኘም። ከ59ኙ 23ቱ በሁለት ዓመት ውስጥ ኦፕራሲዮኑን መርጠዋል፤ በአምስት ዓመት 30 ሆኑ። ማለትም ግማሽ ያህሉ ያለ ቢላ ቀጠሉ፣ ግማሽ ያህሉ ቢላውን ፈለጉ፤ መጀመሪያ መጠበቃቸው ግን አልጎዳቸውም። ጉልበቱ በየደረጃው የሚከዳው፣ ወይም እየተጠማዘዘ በሚሠራ ስፖርት መመለስ የሚፈልግ ሰው ጉዳይ የተለየ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ወገን የበላው እንጀራ ግን አንድ ነው፦ ወራት የፈጀ የጡንቻ ሥራ።

በ2016 ደግሞ የኖርዌይና የአሜሪካ ተመራማሪዎች አሳተሙ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ወደ ስፖርት መመለስን እስከ 9ኛው ወር ማዘግየት፣ በእያንዳንዱ ወር የዳግም ጉዳትን መጠን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ያሉት አባቶቻችን ጥናት አላሳተሙም እንጂ ቀድመው ያውቁት ነበር።

ሊንዚ ጃኮቤሊስ

አሜሪካዊቷን ሊንዚ ጃኮቤሊስን ብዙዎች የሚያውቋት በ2006 ቶሪኖ ነው። በስኖውቦርድ ክሮስ ፍጻሜ ብቻዋን እየመራች፣ መጨረሻው አጠገብ በዝላይ ላይ ጌጥ ጨምራ ወደቀችና ብር ወሰደች። በ2012 የጉልበቷ የፊተኛው ጅማት ተበጠሰ። ወራት ሳይሆን ዓመት የሚቆጠርበት መንገድ ነበር። ተመለሰች። ወርቁን ያገኘችው በ2022 ቤጂንግ ላይ ነው፤ በ36 ዓመቷ፤ ከዚያ ውድቀት 16 ዓመት በኋላ። በቀናት ልዩነትም ከ40 ዓመቱ ኒክ ባምጋርትነር ጋር በድብልቅ ቡድን ሁለተኛ ወርቅ ደገመች። ጉልበት ከተሰበረ በኋላ ጉልበት የሚመለሰው በዚህ ዓይነት ሰዓት አቆጣጠር ነው።

ወደ ሜዳችን

እስቲ ወደ ራሳችን እንምጣ። አገራችን ላይ የኳስ ቡድን ሐኪም እስካሁን "ወጌሻ" ነው የሚባለው። ስሙ በከንቱ አልመጣም። አጥንት በመጠገን ትውልድ ያቆሙ ወጌሻዎች አሉን፤ የምናከብራቸው ናቸው። ነገር ግን ትኩስ ያበጠ ጉልበትን ማሸት፣ መጎተት፣ "ቦታው ይግባ" ብሎ መጠምዘዝ ሌላ ነገር ነው። ውስጡ የተበጠሰ ጅማት በመታሸት አይገጥምም፤ አብሮት ልም አጥንት ተጎድቶ ከሆነ ይብሳል።

ስለዚህ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ለልጆቻችሁ፣ ለወንድሞቻችሁ ይህን ንገሩልኝ። ድምፅ ከተሰማና ጉልበቱ በሰዓታት ውስጥ ካበጠ፣ ጨዋታው ለዚያ ቀን አልቋል። አርፎ፣ በረዶ ይዞ፣ እግሩን ከፍ አድርጎ፣ ምርመራውን በእጁ የሚያውቅ ባለሙያ ጋ ይሂድ። ጉልበቱ ተቆልፎ አልዘረጋ ካለ ወይም እግሩ ጨርሶ አልረግጥ ካለ ቀን አይጥፋ። ኤምአርአይ ካለ ጥሩ፤ ከሌለ የሠለጠነ እጅ ብዙ ይናገራል። ከዚያ ቢላ ተመረጠም አልተመረጠም፣ ፊዚዮቴራፒ አይዘለል። ለኦፕራሲዮን ገንዘብ ተዋጥቶ ለፊዚዮቴራፒ ሲሆን "ይሄማ እንቅስቃሴ ነው" ተብሎ ሲቀር ስንት ጊዜ አይቻለሁ! ታሪኩ የሚነግረን ግልባጩን ነው። ቢላው የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ዘጠኙ ወር ነው ጉልበቱን የሚሠራው።

ይህን ማድረግ ሁሉንም ነገር ያድናል አልልም። በዚህ ጅማት ላይ የተጻፉ ጥናቶችን በ2007 የገመገሙ ሐኪሞች እንዳሉት ከ10 እስከ 20 ዓመት ባለው ጊዜ ግማሽ ያህሉ ተጎጂ የመገጣጠሚያ ብግነት ምልክት ይታይበታል፤ ኦፕራሲዮን ተደርጎም ሳይደረግም። ሸክም አይጠፋም ያልኳችሁ ለዚህ ነው። የዛሬው ጅማት ሸክም ወደ 45 ዓመቱ ሰውዬ ሊዛወር ይችላል። ያ ሰውዬ ደግሞ ሌላ ሰው አይደለም፤ ያው የዛሬው ልጅ ነው።

ታዲያ ማን ይቀበለው? ማሰሪያ ሞከረ፣ ፕላስቲክ ሞከረ፣ ጀሶ ሞከረ፣ ካርቦን ሞከረ። ሸክሙን ተቀብሎ፣ ሌላውን ሳይጎዳ፣ በየዕለቱ ራሱን እያደሰ የሚሸከም አንድ ነገር ብቻ ተገኘ፤ የሠለጠነ ጡንቻ። እሱ ደግሞ በገንዘብ አይገዛም፣ በአንድ ቀን አይገኝም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለጉልበት የተባለ ይመስለኛል።

ጉልበታችሁን ይጠብቅላችሁ፤ ሁለቱንም ዓይነት። ቸር ቆዩኝ።